አዎ ባይ እግር

1.

ጣሳው ተገለበጠ።

የፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲኖቹ በወለሉ ተበተኑ። አንዱ ከፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ገባ፤ ሌላው ደፉን ተሻግሮ እየተንከባለለ ወደ ቦዩ ነጎደ። መስታወት ፊት የተቀመጠችው ደንበኛ፣ ግማሽ ራሷ ተጎንጉኖ ግማሹ እንደ እሾህ እንደቆመ፣ ብድግ ብላ ጮኸች፦

«አዎ አለች! ሰማችሁ? አምሮብሻል አለችኝ!»

«ቁጭ በይ» አለች ደብሪቱ። «ያማረብሽ ግማሹ ነው።»

2.

ገና ከመግባታችሁ ጣሳ ስለተገለበጠባችሁ ይቅርታ አልጠይቅም። እዚህ ቤት እንግዳ የሚቀበሉት በዚህ ነው።

ቤቱ ደሴ ነው፤ ከሰኞ ገበያ ከፍ ብሎ፣ የጦሳ ተራራ ጉም ጠዋት ጠዋት ሳያንኳኳ የሚገባበት አንድ ክፍል። ከፊት የፀጉር ቤት፣ ከመጋረጃው ጀርባ መኝታ። ባለቤቷ ደብሪቱ ናት። ሹሩባዋ የታወቀ፣ ምላሷ ከመቀሷ የሰላ። ሙያውን ያስተማራት የለም፤ የአክስቶቿን ራስ እያበላሸች ነው የተማረችው። ከአክስቶቿ ሁለቱ እስከ ዛሬ ሰው ፊት ሻሻቸውን አይፈቱም።

ከመስታወቱ ጎን የተቀመጠችው ልጇ ናርዶስ ናት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ስትወለድ ምጡ ረዝሞ አየር አጠራት፣ አንጎሏም ተጎዳ። ሐኪሞቹ ሴሬብራል ፓልሲ ይሉታል። አትናገርም፤ ካልደገፏት አትቀመጥም፤ እጆቿ ቡጢ እንደጨበጡ፣ እግሮቿም እንደ መቀስ እንደተቆላለፉ ናቸው። ጡንቻዋ ሁሉ፣ ተኝታም ነቅታም፣ ከሰው ጋር እንደተጣላ ይውላል።

ቀኝ እግሯ ግን «አዎ» ይላል።

አዎ ማለት ስትፈልግ መላ አካሏ ይገተርና ቀኝ እግሯ ተወርውሮ ፊት ለፊቱ ያለውን ይመታል። አይደለም ማለት ስትፈልግ ምንም አታደርግም። ደብሪቱ ፊቷን ወደ ሰው ራስ አዙራ ስለምትውል፣ የልጇን አዎ በጆሮዋ እንድትሰማው የቢጎዲን ጣሳዋን ከእግሯ ፊት አኖረችላት። ጣሳው ከጮኸ አዎ፤ ዝም ካለ አይደለም።

ከዚህ የተሻለ አሠራር ያለው መሥሪያ ቤት የምታውቁ ካላችሁ አድራሻውን ላኩልኝ።

3.

በቁጥር እየቆራረጥሽ የምትጽፊው ለምንድነው ያላችሁኝ አላችሁ። (አላላችሁም? እንግዲያው ይህን ዝለሉት።)

ሹሩባ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ፀጉሩ በማበጠሪያ ጫፍ ይከፈላል፤ ተራው ያልደረሰው በመቆንጠጫ ይያዛል፤ አንዱ ተጎንጉኖ ሳያልቅ ሌላው አይነካም። ሁሉን ባንዴ ልጎንጉን ያለች ሴት የምትሠራው የወፍ ጎጆ ነው። በየመሃሉ ነጭ ሆኖ የሚታየው የራስ ቅሉ ቆዳ ነው። ባለሙያ የምትለየው በእሱ ነው፤ መስመሩ ካልጠራ ሹሩባው አያምርም።

4.

ሁለት ጎረቤቶች አሉ፤ እንዳትጠፉብኝ አሁኑኑ ላስተዋውቃችሁ።

ጋሽ ይመር ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ናርዶስ የምትቀመጥበት ወንበር የእሳቸው ነው። ከአሮጌ መኪናቸው ጋቢና ነቅለው፣ እንጨት ላይ መትተው፣ ከነቀበቶው ሰጧት። ባርኔጣቸውን የሚያነሡት ለሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ቀብር ሲያልፍና የናርዶስ ጣሳ ሲጮህ። «ለሞትና ለዳኛ ባርኔጣ ይነሣል» ይላሉ።

እትዬ ዘሃራ የግድግዳ ጎረቤት ናቸው። በርበሬ ይነግዳሉ፤ ስለዚህ ቤታቸው የገባ ሁሉ ሳያዝን ያለቅሳል። ጋሽ ይመር አንድ ነገር ሲሉ ተቃራኒውን የሚሉት እሳቸው ናቸው። ዝናብ ሊመጣ ነው ካሉ፣ እትዬ ዘሃራ በርበሬ ያሰጣሉ። በርበሬው ቢረጥብም ነጥቡ የእሳቸው ነው።

ሁለቱም «ደብሪቱን ያሳደግናት እኛ ነን» ይላሉ። ደብሪቱ ደግሞ «ሁለታችሁንም የማሳድጋችሁ እኔ ነኝ፤ ገናም አልጨረስኩ» ትላለች።

5. መመሪያ፦ ሱሪ ማልበስ

ልጅቷን አስተኟት።

ሱሪውን ያዙ።

ቀኝ እግሯን ከግራው ላይ አንሡ። አይነሣም።

ጭኗን በመዳፋችሁ አሙቁ። ቀስ እያላችሁ፣ እያጫወታችኋት። ትንሽ ላላ። አሁን!

ዘገያችሁ። ተመልሶ ተቆለፈ።

ስለ ሌላ ነገር አውሩ፤ እግሯ እንዳይሰማ። ስለ ሽንኩርት አውሩ።

አንዱ እግር ገባ። እልል አትበሉ። ድምፅ ከሰማች ትደነግጣለች፣ ከደነገጠች ይወጣል።

እልል አላችሁ።

ወጣ።

ታለቅሳለች። አሟታል። ያሳመማችኋት እናንተ ናችሁ።

ይቅርታ ጠይቁ።

ከመጀመሪያው ጀምሩ።

(ለዳይፐርም ይኸው ነው። ለማጠብም ይኸው ነው። ለማቀፍም።)

6.

ሰፈሩ ስለ ልጅቷ ያለው፣ ከደብሪቱ መልስ ጋር፦

«ምች ነው የመታት።»
«ምች ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቤት አይቀመጥም፤ እሱም ሥራ አለው።»

«የሰው ዓይን ነው።»
«ያንቺ ነው?»

«ጠበል አስጠምቀሻታል?»
«አስጠምቄያታለሁ። ቄሱን ረግጣ ተመለሰች።»*

«አይዞሽ፣ እግዜር አይቶ ነው የሚሰጠው።»
(ይህችኛዋ ከዚያን ቀን ወዲህ ፀጉሯን ሌላ ቤት ነው የምትሠራው። ሌላ ቤት እንደምትሠራ ከፀጉሯ ያስታውቃል።)

* ቄሱ የጠየቋት «በረደሽ ልጄ?» ብለው ነበር።

7.

(ይህ ቁጥር ለናርዶስ አባት ተይዞ ነበር። አልመጣም። እንቀጥል።)

8.

ችግሩ እያደር ባሰ። እግሮቿ እርስ በርስ እየተሳሳቡ የዳሌዋ አጥንት ከቦታው መንሸራተት ጀመረ፤ ሳይነኳትም ታለቅስ ጀመር። ጣሳው ሲጮህ አብሮ ለቅሶ መጣ። አዎ ማለት ራሱ አመማት። ደብሪቱ አቅፋት ባጃጅ ያዘች።

ሆስፒታሉ ውስጥ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ተቀበላቸው። ሰፊ ሰው ነው። ከሆዱ ጀምሮ ሰፊ። የሆነውን እንደወረደ እነሆ፦

ሐኪም፦ ይህ የሚወረወረው እግር ከጡንቻው መገተር ነው እንጂ መልእክት አይደለም።

ደብሪቱ፦ ስትደነግጥ ሁለቱም እግር ነው። ቀኙ ብቻውን ሲሆን አዎ ነው።

ሐኪም፦ እናቶች ሁሉ እንደዚህ ይላሉ።

ደብሪቱ፦ እናቶች ሁሉ ልክ ከሆኑስ?

ሐኪም፦ (ወደ ልጅቷ ዝቅ ብሎ) እሺ ናርዶስ። እናትሽ ዝሆን ናት?

(ዝም።)

ሐኪም፦ ሲስተር ዝሆን ናት?

(ዝም። ነርሷ «ኑሪልኝ» አለች።)

ሐኪም፦ እኔስ? እኔ ዝሆን ነኝ?

(የብረት ትሪ፣ መቀሶች፣ አንድ ጠርሙስ አዮዲን፦ ወለሉ ላይ።)

ነርስ፦ (መስኮቱን እያየች ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።)

ሐኪም፦ (ሆዱን ቁልቁል እያየ) ሲስተር፣ ጻፊ። «ታካሚዋ የሚነገራትን ትረዳለች።»

ነርስ፦ ዝሆኑንም ልጻፈው ዶክተር?

ሐኪም፦ አትጻፊው።

9.

ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ወንበር ስቦ ደብሪቱን እንደ ሰው አዋራት።

«ከአንጎል ወደ ጡንቻ የሚሄደው ትእዛዝ ሁለት ነው» አለ። «አንዱ ያዝ ይላል፣ አንዱ ልቀቅ ይላል። የእሷ ልቀቅ መንገድ ላይ ይቀራል።»

«እንደ እኛ ሰፈር ውሃ» አለች ደብሪቱ።

«እንደሱ። አንጎሏን መጠገን አንችልም። በጭኗ ውስጠኛ በኩልና ከጉልበቷ ኋላ ያሉትን ጅማቶች ግን ማላላት እንችላለን። ዳሌዋም ወደ ቦታው ይመለሳል። አትራመድም። አሁኑኑ ስሚኝ፣ አትራመድም። ግን ተደላድላ ትቀመጣለች። ስታጥቢያት አታለቅስም። እንቅልፍ ትተኛለች።»

«እግሯስ?»

«ይላላል አልኩሽ እኮ።»

«አዎ የሚለውን እግሯን ነው የምልዎ።»

ሐኪሙ ስክሪብቶውን ከፈተ። ዘጋው።

«ያን እግር የሚወረውረው ያው ግትርነቱ ነው። ግትርነቱ ሲቀንስ ውርወራውም ሊቀር ይችላል። አቅም አግኝታ መልሳ ልትማረውም ትችላለች። አላውቅም።»

ደብሪቱ ብዙ ሐኪም አይታለች። «አላውቅም» ያላት ይህ የመጀመሪያው ነው። በዚያው አመነችው። በዚያው ጠላችው።

10. ያልተጠየቀ ጥያቄ

ናርዶስ፣ ትፈልጊያለሽ?

(ደብሪቱ ይህን በጥርሷ ነክሳ ከሆስፒታል እስከ ቤቷ በባጃጅ መጣች። ቤት ገብታም አልለቀቀችውም። ብትጠይቃትና ጣሳው ዝም ቢልስ? የዝሆንን ነገር የጠየቀ ሐኪም እንኳ የተዋረደው መልሱን ለመስማት ስለደፈረ ነው። እሷ አልደፈረችም።)

11.

ወሬው ወጣ። «የናርዶስ እግር ሊዘጋ ነው!»

መብራት ሊጠፋ ነው ሲባል ሁሉም ስልኩን ሊሞላ እንደሚሮጥ፣ ሰፈሩም ጥያቄውን ይዞ ሮጠ። ጋሽ ይመር ማንም ሳይሾማቸው ደጃፉ ላይ ቆመው ሰልፍ ያስይዙ ጀመር። «አንድ ሰው አንድ ጥያቄ! ነገር አታብዙ! ልጅቷ ይደክማታል!»

«ቤቱን ልሽጠው?»

ዝም።

«የቀረችኝን ጥርስ ላስነቅላት?»

ጣሳ።

«ዘንድሮ ዋንጫው የእኛ ነው?» (ባጃጅ ነጂው ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ነው የጠየቀው።)

ዝም።

«ባሌ ይወደኛል?»

ዝም።

«አልሰማች ይሆናል። ባሌ፣ ናርዱዬ፣ ይወደኛል?»

ዝም።

«ተራሽ አልቋል፤ ውጪ» አሉ ጋሽ ይመር። ከዚያ ሰልፉ ሲያልቅ፣ ግራ ቀኝ አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«እኔስ ልጄ… እንደገና ባገባ ጥሩ ነው?»

ጣሳ። ባርኔጣቸውን አነሡ።

«ማንን?» አሉ እትዬ ዘሃራ ከግድግዳው ወዲያ።

«እሷ አዎና አይደለም ነው የምትለው፤ ስም አትጠራም!»

«እሰይ። ያልተጠራች ትተርፋለች።»

ደብሪቱ ይህን ሁሉ እየሰማች ቢጎዲን ትለቅማለች። የሰፈሩ ሰው በሙሉ ስለ ራሱ ጠየቀ። ስለ ናርዶስ የጠየቀ የለም። ደብሪቱም ጭምር አልጠየቀችም።

12.

በቀዶ ሕክምናው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ምርቃት ሆነ። ሽማግሌ ተሰበሰበ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም እጁን ዘረጋ። ጋሽ ይመር ጀመሩ፦

«እግርሽን ያቅናልሽ!»

«አሜን!» «አሚን!»

ጣሳው ዝም።

«እንደ ሚዳቋ ያስሩጥሽ!»

«አሜን!» «አሚን!»

ዝም።

«በሠርግሽ ቀን ቆመሽ ለማየት ያብቃን!»

ዝም።

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ጋሽ ይመር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በሹፌርነታቸው ዘመን መንገዱ ሲዘጋ መታጠፊያ ይፈልጉ ነበር፤ አሁንም ፈለጉ።

«እናትሽንም ትንሽ ዝም ያሰኝልን!»

ጣሳው ተወርውሮ ግድግዳ መታ።

ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። አንድ ሽማግሌ «አሚን» ማለቱን ትቶ ሆዱን ያዘ። ደብሪቱም ሳቀች፤ ከሁሉም በላይ ጮክ ብላ ሳቀች። ግን እየሳቀች ቆጥራለች፦ ሦስት ጊዜ ስለ እግሯ ተመረቀች፣ ሦስት ጊዜ ዝም።

«አብሽሪ» አሉ እትዬ ዘሃራ ክንዷን ይዘው። «ሩጫ አትወድ ይሆናል። እኔም አልወድም።»

13.

የፈቃድ ቅጽ

የታካሚዋ ስም፦ ናርዶስ

የሚደረገው ቀዶ ሕክምና፦ (የሐኪም ጽሑፍ ነው፤ አይነበብም)

የፈራሚዋ ዝምድና፦ እናት

ታካሚዋ ተጠይቃለች?፦

ፊርማ፦ ደብሪቱ

(ከፊርማው በላይ ያለው መስመር ቅጹ ላይ የለም። እኔ ነኝ የጨመርኩት። ደብሪቱ ግን እንዳለ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አየችው።)

14.

ናርዶስ ወደ ቀዶ ክፍል ስትገባ ትስቅ ነበር፤ የአልጋው ጎማ ይንጫጫል፣ እሱ አስቋት ነው። ደብሪቱ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ቀረች። እጇ ሥራ ሲፈታ ስለማይወድ የነርሷን ፀጉር ጎነጎነች። የጽዳት ሠራተኛዋን ጎነጎነች። አንዲት እንግዳ ሴት ቀረብ ብላ ስትቀመጥ፣ ሳትጠይቅ ፀጉሯን መክፈል ጀመረች።

ጋሽ ይመር ካርቶን ታቅፈው መጡ። እትዬ ዘሃራ ከኋላቸው «እኔ የለሁበትም፣ ወላሂ የለሁበትም» እያሉ።

ካርቶኑ ውስጥ ጫማ አለ። ቀይ። ሶሉ ሲረገጥ መብራት የሚበራበት።

«ምንድነው ይሄ?»

«ጫማ ነዋ።»

«ጋሽ ይመር! አትራመድም ተብለዋል። በዚህም ጆሮዎ፣ በዚያም ጆሮዎ። ልጄ ቢላ የገባባት ልትሮጥ አይደለም፣ ልትቀመጥ ነው!»

«የተቀመጠ ሰው ጫማ አያደርግም?»

ደብሪቱ ካርቶኑን ተቀበለቻቸው።

ጭኗ ላይ አኖረችው።

እትዬ ዘሃራ ሁለቱን እያፈራረቁ አዩ። «ያ ረቢ» አሉ። «እኚህ ሰውዬ አንድ እውነት ተናገሩ። ሊሞቱ ይሆን?»

በሩ ተከፈተ። ሐኪሙ ቆቡን አወለቀ። «ደህና ናት» አለ። «ማደንዘዣው ለቋታል። ስታየኝ ሳቀችብኝ።»

15.

ከወገቧ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጀሶ። እግሮቿ ተራርቀው፣ በመካከላቸው ዱላ ተጋድሞ። ልክ እንደዚህ፦

ለ

ጀሶ አይወረወርም።

«ናርዱዬ፣ ራበሽ?»

ዝም።

«ሞቀሽ?»

ዝም።

«ሙዝ?» (ሙዝ ማለት ነፍሷ ነው።)

ዝም።

ምክንያቱን ሁሉም ያውቃል። ነገር ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዝምታን አይደለም ብሎ የለመደ ጆሮ ባንዴ አይታረምም። ሰፈሩ አኮረፈ። ጋሽ ይመር ጠዋት ጠዋት ብቅ ብለው «ደህና አደርሽ?» ይሉና፣ መልስ ሲያጡ፣ ያልተነሣ ባርኔጣቸውን አስተካክለው ይሄዳሉ።

16.

ከዚያ ሙሽራዋ መጣች።

አንድ ሙሉ ጠዋት ተጎነጎነች። አልቆ መስታወት ፊት ቆመች፤ የሠርግ ሹሩባ ከዚህ በላይ የለም፤ ይህን የምለው እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ አላዳላም። ሙሽራዋ ወደ ናርዶስ ዞረች።

«አምሮብኛል?»

ዝም።

«ጀሶ ነው እኮ» አለች ደብሪቱ።

«አውቃለሁ ጀሶ እንደሆነ። ግን ዝም አለች።»

«ጀሶ ነዋ!»

«ሌላ ጊዜም ሳያምርብን ነው ዝም የምትለው!»

ተፈታ። ወደ ኋላ ተሠራ። ዝም። ተፈታ። ወደ ላይ ተሠራ። ዝም። ሚዜዎቹ አለቀሱ። ደጅ ያሉት መኪኖች ክላክስ አደረጉ። ሙሽራው ራሱ ወርዶ «እኔ እንዳለች ልውሰዳት» ብሎ ለመነ። ተፈታ። ተመልሶ መጀመሪያ እንደነበረው ተሠራ።

«አምሮብኛል?»

ጣሳው ጮኸ!

እልልታው ጣራውን አነሣው። ሙሽራዋ ናርዶስን ግንባሯን ሳመች፤ ከነሚዜዎቿ ወጣች፤ ክላክሱ ቁልቁል ራቀ። ቤቱ ጸጥ ሲል ደብሪቱ ቀና አለች። ናርዶስ እያየቻት ነው። መጀመሪያ ጣሳውን አየች። ቀጥላ የእናቷን እግር አየች። ቀጥላ እናቷን።

«እንደዚያ አትዪኝ» አለች ደብሪቱ። «ሙሽራ ሜዳ ላይ ልጥላት?»

ናርዶስ ማየቷን አልተወችም።

ደብሪቱ ያን ቀን በልጅ ስም አዎ ማለት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ገባት። እግርን ትንሽ መዘርጋት ነው። ቅጹ ላይ የፈረመችውም በዚሁ እግር ነበር።

17.

ፕርርርርር።

18.

ከላይ ያለው የጽሑፍ ስህተት አይደለም። ታሪክ ነው።

ጋሽ ይመር ወንበራቸውን ሳብ አድርገው፣ የሰፈሩ ሰው በቃሉ የሚያውቀውን ያወሩ ነበር፦ «ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አለኝ። ጭነቱ ሲሚንቶ። ገደሉ አፉን ከፍቷል። ምን አደረግሁ? ዘለልኩና መኪናውን በጀርባዬ…»

ናርዶስ ምላሷን በከንፈሮቿ መካከል አስቀመጠች፣ ጉንጮቿን ነፋች፣ አፈነዳችው።

ፕርርርርር።

ጋሽ ይመር ፊታቸውን በመሐረብ ጠረጉ። «ይህች ልጅ ተፋችብኝ?»

«አስተያየት ሰጠች» አሉ እትዬ ዘሃራ።

ሞከሯት። «ጋሽ ይመር ቆንጆ ናቸው?» ፕርርር። «ሽንኩርት ትወጃለሽ?» ፕርርር። «እትዬ ዘሃራ ሥራ ላይ ናቸው?» ፕርርር፣ ከነምራቁ። ዘጠኝ ዓመት አይደለም ማለት የምትችለው በዝምታ ብቻ ነበር፤ ዝምታን ደግሞ ሰው እንደፈለገው ይተረጉመዋል። አሁን ጡንቻዋ ሁሉ ጠብ ሲያቆም ለአፏ ትንፋሽ ተረፋትና የመጀመሪያ ቃሏን አወጣች። ቃሉም «አይደለም» ሆነ። የማን ልጅ እንደሆነች አትርሱ።

እንግዲህ ዝምታ ሥራ ፈታ። አዎ ጣሳ ነው፤ አይደለም ፕርርር ነው፤ ዝም ስትል ደግሞ እያሰበችበት ነው።

19.

አንድ ቀን ቀትር ላይ ደንበኛ ጠፋ፣ ናርዶስ እንቅልፍ ወሰዳት። ደብሪቱ የተበታተነ ፀጉር እየጠረገች ስታልፍ የልጇ እጅ ተከፍቶ አየች።

መዳፍ።

በእንቅልፏ እንኳ ጨብጣ ነበር የምትተኛው። ደብሪቱ መጥረጊያዋን አቁማ፣ ኮንትሮባንድ እንደያዘ ሰው ዙሪያዋን አይታ፣ ጣቷን መዳፉ ላይ አኖረች። እጁ ሊይዛት አልቸኮለም።

20. ያልተጠየቀ ጥያቄ

ናርዶስ፣ ልክ ሠራሁ?

(ጀሶው እስኪፈታ ይቆይ አለች። ምክንያት ነው። ፕርርርን ፈርታ ነው። ለሰፈሩ ሁሉ መልስ የማታጣ ሴት ለአንድ ምራቅ ተንበረከከች።)

21.

ጀሶው ተፈታ። መጋዙ ሲያጓራ ናርዶስ በሳቅ ፈረሰች። እግሮቿ ቀጥነው፣ ቆዳቸው ተልጦ፣ ጠረናቸው ለጠላት የሚመኙት ሆኖ ወጡ። ሐኪሙ ጉልበቷን ያዘና ቀስ ብሎ አንቀሳቀሰው፤ ዘይት እንደጠጣ ማጠፊያ ሄደለት። ጭኗን ወደ ጎን ከፈተው። አላለቀሰችም።

«ናርዶስ» አለ። «አሁንም ዝሆን ነኝ?»

ሁሉም ቀኝ እግሯን አየ።

እግሩ አልተንቀሳቀሰም። ፕርርርም የለም። ናርዶስ ሆዱን ለረጅም ጊዜ ተመለከተች።

«እያሰበችበት ነው» አለች ደብሪቱ። ድምፅዋ ግን እንደ ሌላ ጊዜ አልሰላም።

«ጊዜ ይስጧት» አለ ሐኪሙ። «መልሳ ልትማረው ትችላለች። ወይም…»

«አያውቁም።»

«አላውቅም።»

22. መመሪያ፦ ሱሪ ማልበስ

ሱሪውን አልብሷት።




23.

ቤት ሲደርሱ ሰፈሩ ተሰልፎ ጠበቃቸው። ባጃጅ ነጂው ዓይኑን ቀድሞ ጨፍኗል። «ባሌ ይወደኛል?» ያለችው ሴት ሦስተኛ ናት። ጋሽ ይመር «አንድ ሰው አንድ ጥያቄ!» ማለት ጀመሩ።

«ውጡ» አለች ደብሪቱ።

«ማን? እኔ?»

«ሁላችሁም። ዛሬ ሰልፉ ከእኔ ይጀምራል።»

የመኪናውን ወንበር ከመጋረጃው ጀርባ አስገባች። ናርዶስን አስቀመጠቻት፤ ተቀመጠች፤ ጀርባዋን ለመደገፊያው ሰጥታ፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ እንደ ተሳፋሪ። ቀዩን ጫማ አደረገችላት። ጣሳውን በቢጎዲን ሞልታ ከቀኝ እግሯ ፊት አኖረችው፤ ትንሽ አስጠጋችው፤ ማጭበርበር መስሎ ታያትና መልሳ አራቀችው።

ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። የራሷን ሁለት እግሮች ከበታቿ አጥፋ ላያቸው ላይ ተቀመጠችባቸው። መልስ እንዳይሰርቁ።

«ናርዱ» አለች። «ሳልጠይቅሽ ነው የፈረምኩት። የሙሽራዋን ጣሳም የመታሁት እኔ ነኝ፤ እሱን አይተሽኛል። ዛሬ ግን እጠይቅሻለሁ። ብትተፊብኝም እችለዋለሁ። ፊቴን አልጠርግም።»

ናርዶስ አየቻት።

«ልክ ሠራሁ?»

24.

ከመጋረጃው ጀርባ የተሰማው (ባዶውን ሆን ብዬ ነው የተውኩት፤ እናንተ ሙሉት)፦








25.

ደጅ የቆሙት ጋሽ ይመር ባርኔጣቸውን አነሡ።

(በዚያች ደቂቃ በመንገዱ ቀብር አልፎ እንደሆነ አትጠይቁኝ። ዓይኔ መጋረጃው ላይ ነበር።)

26.

«አንቱ ሰውዬ» አሉ እትዬ ዘሃራ እጃቸውን ይዘው፤ «ምነው አነሡ? ምን ሰሙ?»

«የሰማሁትማ» አሉ ጋሽ ይመር፣ «______________________»